ከነጋሪት እስከ ዋትስአፕ፦ ወረርሽኝና ወሬ በኪቡሊ ኮረብታ ዙሪያ

ካምፓላ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጥንት ሰባት ይባሉ የነበሩት ኮረብታዎቿ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በቁጥር ቢበዙም፣ የቀድሞዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ታሪክ እንደያዙ ይታወቃሉ። ሜንጎ የቡጋንዳ ነገሥታት መቀመጫ ነው። በናሚሬምቤ የአንግሊካን፣ በሉባጋ የካቶሊክ ካቴድራል ይገኛል። ከመሐል ከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለከቱ ደግሞ አናቱ ላይ ነጭ መስጊድ የደፋ ኮረብታ ይታያል። ይህ ኪቡሊ ነው።

ኮረብታውን ለመስጊድና ለትምህርት ቤት የሰጡት ልዑል ባድሩ ካኩንጉሉ ናቸው። እርሳቸውም የካባካ ሙቴሳ ቀዳማዊ ወንድም የነበሩት የልዑል ኑሁ ምቦጎ ልጅ ሲሆኑ፣ በቡጋንዳ እስላሞች ዘንድ ትልቅ ስም ያላቸው ሰው ነበሩ። የመስጊዱ መሠረት በ1941 ተጥሎ ሥራው የተፈጸመው በ1951 ነው። የኪቡሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1945 ተከፈተ። ከዚያም ሆስፒታሉ ተጨመረ። የፖሊስ ማሠልጠኛውም በዚሁ ኮረብታ ላይ ይገኛል። ከኮረብታው ሥር ገበያው፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የተጠጋጉት የናሙዎንጎና የኪሱጉ ቤቶች አሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ካባላጋላ ነው፤ ከእርሱ አልፎ ባለው በካንሳንጋ ጭምር ከአገራቸው የወጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤት ከፍተው እንጀራና ቡና የሚሸጡበት ሰፈር በመሆኑ፣ ስሙ ለብዙ የአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ስለ ኪቡሊና ስለ አካባቢው በዚህ መጽሔት ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ዑጋንዳ ባለፉት መቶ ሃያ ዓመታት ውስጥ በየተራ ያላየችው ወረርሽኝ የለም ለማለት ይቻላል። የእንቅልፍ በሽታ፣ ኤድስ፣ ኢቦላ፣ ኮሮና ተፈራርቀውባታል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ከመድኃኒቱ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ ነበር። ታዲያ ወሬውን ማን አመጣው? በምን መንገድ መጣ? ሰውስ ለምን አመነው? ዛሬ ማኅበራዊ መገናኛ የምንለው በእጅ ስልክ የሚተላለፈው መልእክት ከመምጣቱ በፊትም ሕዝቡ የራሱ የሆነ ማኅበራዊ መገናኛ ነበረው። የአዲሱን ጠባይ ለመረዳት የቀድሞውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በቡጋንዳ ጥንታዊው መገናኛ ከበሮ ነው። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ ምት ያለው ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው «ግዋንጋ ሙጄ» የሚባለው ምት ነበር። ትርጉሙ «ሕዝብ ሆይ፣ ና» እንደማለት ነው። ጠላት ሲመጣ ወይም አደጋ ሲደርስ ይህ ምት ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተቀባበለ ሕዝቡን ያስጠራ ነበር። እኛ ነጋሪት የምንጎስምበት፣ የአዋጅ ነጋሪው «ስማ፣ ስማ» የሚልበት ሥርዓት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይሁን እንጂ ከበሮው ሰውን ይጠራል እንጂ ነገሩን አያብራራም። ይህም በእንቅልፍ በሽታ ዘመን በጉልህ ታየ። በ1901 በሜንጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ አልበርት ኩክና ወንድማቸው በሽታውን በሕሙማን ላይ ለዩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በቡሶጋና በቡጋንዳ የሐይቅ ዳርቻ ከ200,000 የማያንስ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ዝንብ በሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ የሚኖር መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ገዥው ሄስኬት ቤል ከ1906 ጀምሮ ሕዝቡ ከሐይቁ ዳርና ከደሴቶቹ እንዲነሣ አደረጉ። ትእዛዙ የወረደው በቡጋንዳ ሹማምንት ተዋረድ ነበር። ከሹም ወደ ምስለኔ፣ ከምስለኔ ወደ ባላገር እየተላለፈ ዳርቻው ባዶ ቀረ። ሥራው ውጤት አላስገኘም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ ከአባቱ መቃብር፣ ከታንኳውና ከሙዝ እርሻው ሲነሣ ያገኘው ማብራሪያ ጥቂት ነበር። ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ብቻ በሚወርድበት መንገድ ጥያቄ ወደ ላይ አይወጣም።

ከዚህ ላይ የራሳችንን አገር ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ገና አልተጀመረም፤ የሚጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮም አልነበረም። ወሬው የተሰማው ከቀብር ነው፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በከተማይቱ የሞተው ሰው አሥር ሺህ ያህል እንደሚሆን የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፍት አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበትን ጊዜ በጢስ የሚያስታውስ ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ያለ ጽሑፍ የተላለፈ የጤና ትምህርት ብንለው ስሕተት አይሆንም። ይህን ጽሑፍ ለክፍል ሥራ ማዋል የሚፈልግ የታሪክ መምህር፣ ተማሪዎቹ በየሰፈራቸው ያሉ አዛውንቶችን ስለ ኅዳር 12 ጠይቀው የሰሙትን እንዲጽፉ ቢያደርግ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ የማይገኝ ብዙ ነገር ይሰበሰባል።

ወደ ካምፓላ እንመለስ። ካትዌ ከኪቡሊ ብዙም የማይርቅ የብረት ቀጥቃጮችና የትናንሽ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። በዑጋንዳ «ሬዲዮ ካትዌ» ሲባል ጣቢያ ያለው ሬዲዮ ማለት አይደለም፤ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደውን የሹክሹክታ ወሬ ማለት ነው። በተለይም በኢዲ አሚን ዘመን፣ ከ1971 እስከ 1979፣ በመንግሥቱ ሬዲዮ የሚነገረው የማይታመን በሆነ ጊዜ፣ ማን እንደታሠረና ስኳር የት እንደተገኘ ሕዝቡ የሚያውቀው በሬዲዮ ካትዌ ነበር። የእኛ አባቶች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበረው ማለት ነው። ወሬው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን የነገረህ ሰው ጎረቤትህ ስለሆነ ቢዋሽ ነገም ታገኘዋለህ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ኤድስ የመጣው በእንዲህ ያለው አገር ላይ ነው። በ1982 ገደማ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በራካይ አውራጃ ካሴንሴሮ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሰዎች እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ሕዝቡ በሽታውን «ስሊም» አለው፤ ቀጭን ማለት ነው። በመጀመሪያ የተወራው፣ በኮንትሮባንድ ንግድ የተታለሉ የታንዛንያ ነጋዴዎች የላኩት መተት ነው ተብሎ ነበር። በ1985 የዑጋንዳና የውጭ አገር ሐኪሞች በሽታው ኤድስ መሆኑን በአንድ የሕክምና መጽሔት አስታወቁ። በጥር 1986 አዲስ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የጤና ሚኒስትሩ ሩሃካና ሩጉንዳ ጄኔቫ ላይ በዓለም የጤና ጉባኤ ተነሥተው አገራቸው በሽታው እንዳለባት በይፋ ተናገሩ። ብዙዎቹ የአፍሪካ መንግሥታት ቱሪስት ይሸሽብናል በማለት ይደብቁ በነበረበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ዑጋንዳ የከበሮ ድምፅ ተሰማ። ከዜናው በፊት ያ የቆየው የአደጋ ምት ይመታና አንድ ጎርናና ድምፅ ስለ ኤድስ ያስጠነቅቃል። የጥንቱ ከበሮ በአዲሱ መሣሪያ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በየመንደሩ የተቋቋሙት ዘጠኝ ዘጠኝ አባላት ያሏቸው ምክር ቤቶችም መልእክቱን ወደ ስብሰባ አወረዱት። «በረትህ ውስጥ ብቻ ጋጥ» የሚል ትርጉም ያለው፣ ከከብት እርባታ የተወሰደ አነጋገር በየቦታው ተለጠፈ፤ አርብቶ አደሩም ባለሱቁም ሳቀና ገባው። የሚያስቅ መልእክት በቶሎ ይተላለፋል፤ ይህን የሚያስተምር መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን መንግሥት ብቻውን ያደረገው ተደርጎ እንዳይታሰብ። በ1987 ኖሪን ካሌባ የተባሉት ሴት ባላቸውን በዚሁ በሽታ ካጡ በኋላ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ታሶ የተባለውን የድጋፍ ማኅበር መሠረቱ። በ1989 ደግሞ በስዊድን ይኖር የነበረው ዝነኛው ድምፃዊ ፊሊ ቦንጎሌ ሉታያ ወደ አገሩ ተመልሶ በሽታው እንዳለበት ለሕዝብ ተናገረ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አላመነውም፤ ዘፈኑን ለመሸጥ ነው ያለም ነበር። እርሱ ግን በቀሩት ጥቂት ወራት በየትምህርት ቤቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ እየዞረ ለወጣቶች ተናገረ። ሰውነቱ ሲከሳ ተማሪዎቹ በዓይናቸው አዩት። በታኅሣሥ 15 ቀን 1989 ሞተ። በእኛ አስተያየት፣ በወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ ከሺህ ማስታወቂያ ይልቅ የሠራ አንድ ሰው ቢኖር እርሱ ነው።

አሁን ወደ መስጊዶቹ እንመጣለን። በ1988 የዑጋንዳ እስላማዊ የሕክምና ማኅበር በሐኪሞች ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመክሮ «ጂሃድ በኤድስ ላይ» የሚለው ጥሪ ቀረበ፤ ጂሃድ ማለት እዚህ ላይ ተጋድሎ ነው። ከ1992 ጀምሮ ኢማሞች እየሠለጠኑ፣ ከሥራቸውም ወንዶችና ሴቶች ረዳቶች እየተመደቡ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ፤ ሥራው መጀመሪያ በምፒጊና በኢጋንጋ አውራጃዎች ተካሂዶ ኋላ ወደ ካምፓላ ገባ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ሐኪሞቹ ትምህርቱን ከሃይማኖቱ ሥርዓት ውስጥ ማውጣታቸው ነው። ሲገረዙ አንድ ምላጭ ለብዙ ልጆች መጠቀም አደጋ እንዳለው፣ አስከሬን ሲታጠብ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያስተማሩት ሥርዓቱን ሳይነቅፉ ነው። ሁለተኛው፣ በኮንዶም ጉዳይ የነበረው ክርክር ነው። ብዙዎቹ ኢማሞች መጀመሪያ አልተቀበሉትም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ መታቀብና መተማመን ለተሳነው ሰው የመጨረሻ መከላከያ ሆኖ ቢነገር አይከለከልም ወደሚል ስምምነት መጡ። ክርክሩ በግልጽ መካሄዱ ራሱ ትምህርት ነበር፤ ሰው አባቶቹ ሲከራከሩ ሰምቶ እቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ይነጋገራልና።

በትምህርት ቤቶችም ከ1993 ጀምሮ «ስትሬት ቶክ» የተባለች ለወጣቶች የምትዘጋጅ ትንሽ ጋዜጣ መሠራጨት ጀመረች። ተማሪዎች ለወላጅም ለመምህርም ለመናገር ያፈሩትን በደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ይታተማል፤ አንዱ ቅጂ በብዙ እጅ ይዞራል። ጥያቄ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ በመጨረሻ ተገኘ ማለት ነው።

ውጤቱን ለማየት ከኪቡሊ አጠገብ ያለውን የንሳምቢያን ኮረብታ እንመልከት። እዚያ በ1903 በካቶሊክ መነኮሳት የተመሠረተው ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮችን እየመረመረ መዝገብ ይይዝ ነበር። በ1992 ገደማ ከተመረመሩት ነፍሰ ጡሮች ከመቶ 30 ያህሉ ቫይረሱ ነበረባቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ አንድ ሦስተኛው ወርዷል። ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው ተብሎ ብዙ ተከራክረዋል፤ ብዙ የሞተ ሰው መኖሩም በቁጥሩ መውረድ ውስጥ ድርሻ አለው። ሆኖም በ2004 ስቶንበርነርና ሎው-ቢር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ዑጋንዳን ከጎረቤቶቿ የለያት ሕዝቡ ስለ ኤድስ የሰማው ከሬዲዮና ከሐኪም ይልቅ ከወዳጅና ከዘመድ መሆኑ ነው ብለዋል። ሰዎች በስም የሚያውቁትን ሕመምተኛ ጠቅሰው እርስ በርስ ይነጋገሩ ነበር። ሬዲዮ ካትዌ ነፍስ አዳነ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ታሪክ ይዘን ወደ ዘመናችን ስንመጣ አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። በ2018 የዑጋንዳ መንግሥት በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ቀረጥ ጣለ። ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ትዊተር መጠቀም የፈለገ ሰው በቀን 200 የዑጋንዳ ሽልንግ እንዲከፍል ተደረገ። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በደብዳቤ የጠቀሱት «ኦሉጋምቦ» ነው፤ በሉጋንዳ ቋንቋ ሐሜት ወይም አሉባልታ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሽልንግ ለባለጸጋ ምንም አይደለም። በናሙዎንጎ ቆሎ ጠብሳ ለምታድር ሴት ግን በወር ስድስት ሺህ ነው። ብዙ ሰው ቀረጡን በልዩ ልዩ የስልክ ብልኀት አመለጠው፤ ያልቻለው ከመስመሩ ወጣ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 18 ቀን 2020 ፕሬዚዳንቱ ባደረጉት ንግግር ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 20 ጀምሮ ለ32 ቀናት እንዲዘጉ፣ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናትም ስብሰባ እንዲያቆሙ አዘዙ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 21 ቀን ነው። የሕዝብ ማመላለሻ ቆመ፤ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ብስክሌቶች ሰው እንዳይጭኑ ተከለከሉ። በወሩ መጨረሻ ሁሉም ከቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ። የኪቡሊ መስጊድ የረመዳንን ወር ያለ ምእመናን አሳለፈ። አምልኮ ቤቶች እንደገና የተከፈቱት በመስከረም 20 ቀን 2020 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ከሰባ ሰው በላይ እንዳይገባ ተወስኖ ነበር።

ትናንት በሐሜት የተከሰሰው መገናኛ በዚያን ጊዜ ለሁሉ ነገር አስፈላጊ ሆነ። የጤና ሚኒስቴር የየዕለቱን ቁጥር በትዊተርና በዋትስአፕ ማውጣት ያዘ። ዘፋኞቹ ቦቢ ዋይንና ኑቢያን ሊ እጅ መታጠብን የሚያስተምር ዘፈን አወጡ፤ ሉታያን ላስታወሰ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። መንግሥት በካምፓላና በዋኪሶ ለችግረኞች ስድስት ኪሎ የበቆሎ ዱቄትና ሦስት ኪሎ ባቄላ ለነፍስ ወከፍ ማደል ሲጀምር፣ የትኛው ሰፈር ተራው እንደሆነ፣ ማን እንደተዘለለ የሚታወቀው በስልክ መልእክት ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀረጡ አልተነሣም። የተሻረው በሐምሌ 2021 ነው፤ በፋንታውም በኢንተርኔት ዋጋ ላይ ከመቶ 12 ቀረጥ ተተካ። ወረርሽኙ ከገባ እስከዚያ ድረስ አሥራ አምስት ወር፣ የጤና ምክር በስልኩ ለማንበብ የሚፈልግ ድሃ በየቀኑ መግቢያ ይከፍል ነበር ማለት ነው። የዚህን አመክንዮ ማስረዳት ለጸሐፊው አዳጋች ነው።

ስልክ የሌለው ወይም ቀረጡን የማይከፍለው ሕዝብ በሌላ መንገድ ሰማ። በካምፓላ ድሃ ሰፈሮች ረጅም እንጨት ላይ የተሰቀሉ የድምፅ ማጉያዎች አሉ፤ «ቢዚንዳሎ» ይባላሉ። በደኅናው ጊዜ የጠፋ ልጅ፣ የሞተ ሰው፣ የሚሸጥ ዕቃ ይነገርባቸዋል። በወረርሽኙ ጊዜ በዋትስአፕ የመጣውን ማስታወቂያ ተቀብለው በሉጋንዳ ለሰፈሩ ያሰሙ ነበር። ከኢድር ጥሩምባ ነፊያችን ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። የሚናገረው ሰው የታወቀ ነው፤ ከተሳሳተም ከቤቱ ድረስ ሄዶ የሚነግረው አይጠፋም።

ኢድርን ካነሣን ዘንድ፣ ባጋንዳዎች «ሙኖ ሙካቢ» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ የችግር ጊዜ ወዳጅ ማለት ነው። አባላቱ ሲሞትባቸው ድንኳን፣ ድስትና ገንዘብ ያቀርባል። ለቀስተኛው የሚያዋጣው ገንዘብ «ማቡጎ» ይባላል፤ ጥንት ለመገነዣ ይመጣ የነበረው ከዛፍ ልጥ የሚሠራው ጨርቅ ስም ነው። በ2020 ቀብር ላይ ሰው እንዳይበዛ ሲከለከል ማቡጎው በስልክ ገንዘብ መላክ ጀመረ፤ ይህ አገልግሎት በዑጋንዳ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ነው። ለቅሶው በዋትስአፕ ቡድን ተነገረ፤ ሟች የተቀበረው ግን በጥቂት ሰው ነው። በአዲስ አበባም ኢድሮች ድንኳን መትከል ባቆሙበት በዚያው ወቅት ለቀስተኛ በስልክ እዝን መላኩን ሁላችንም አይተናል። ሥርዓቱ በከፊል ተረፈ። ከጎን ተቀምጦ ዝም ማለት ግን በስልክ አይላክም።

ወረርሽኙ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በዑጋንዳ አንድም ሰው አልገደለም፤ የመጀመሪያው ሞት የተነገረው በሐምሌ 23 ቀን 2020 ነው። ይህ ደኅና ነገር ነበር፤ ነገር ግን መዘዝ አመጣ። ስሊም ጎረቤትን ሲያከሳ በዓይን ይታይ ነበር፤ ኮሮና ግን አልታየም። ስለዚህ «ኮሮና የሚባል የለም፣ ምርጫውን ለማለፍ የተፈጠረ ነው» የሚል ወሬ በስልክ ተዛመተ። ወሬውን የሚያጠናክር ሥራም አልጠፋም። በኅዳር 2020 የተቃዋሚው ዕጩ ቦቢ ዋይን የኮሮናን ደንብ ተላልፈሃል ተብሎ ሲታሠር ሁከት ተነሥቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የጤና ደንብ የፖለቲካ በትር ሲሆን ያየ ሕዝብ ደንቡን ለጤናው ብሎ እንዲያከብር ማሳመን ይከብዳል። በጥር 2021 ደግሞ በምርጫው ዋዜማ ማኅበራዊ መገናኛው ተዘጋ፤ ከጥር 13 ምሽት ጀምሮም ለአምስት ቀናት ያህል ኢንተርኔቱ በሙሉ ጠፋ። ፌስቡክ ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንደተዘጋ ቆየ። ወረርሽኝ ባለበት አገር መስመሩ ሲቆረጥ አሉባልታው ብቻ ተለይቶ አይቆረጥም፤ የሐኪሙም ምክር አብሮ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ማዕበል በግንቦትና በሰኔ 2021 ሲመጣ ግን ማንም አልተጠራጠረም። ሆስፒታሎች ሞሉ፤ የኦክስጅን ጠርሙስ የት እንደሚገኝ ሰው በዋትስአፕ ይጠያየቅ ነበር። በዚያው ሰሞን በምባራራ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የተዘጋጀው ኮቪዴክስ የሚባል የዕፀዋት ውሕድ ስሙ በስልክ ተናኘ። የመድኃኒት ባለሥልጣኑ በሰኔ መጨረሻ የፈቀደው ለደጋፊ ሕክምና ነበር፤ በስልክ የዞረው ግን ፈዋሽ መሆኑ ነው። በእኛም አገር ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በገበያ ዋጋቸው የናረው በተመሳሳይ ወሬ ነበር። ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ ወሬው ከወዳጅ የመጣ ይመስላል፤ የላከልን እኅታችን ናት። ለእኅታችን የላከው ማን እንደሆነ ግን አናውቅም፤ እርሷም አታውቅም። ሬዲዮ ካትዌ የነበረው ያ «ነገ አገኘዋለሁ» የሚባል ተጠያቂ እዚህ የለም። ቀደም ሲል አንባቢ እንዲይዝልን የለመንነው ነጥብ ይኸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው በእኛው ሙያ ላይ ነው። ለ32 ቀናት ተብለው የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚወስዱትን ክፍሎች በጥቅምት 2020 መልሰው፣ ሌሎቹን በየተራ እየመለሱ ሳሉ በሰኔ 7 ቀን 2021 እንደገና ተዘጉ። ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት በጥር 10 ቀን 2022 ነው። በከፊልም ሆነ በሙሉ ተዘግተው የቆዩት 83 ሳምንታት ነው፤ በዓለም ከዚህ የረዘመ አልተመዘገበም። አሥራ አምስት ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ራቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው መከፈታቸውን ስናስታውስ ልዩነቱ ይታየናል።

ትምህርቱን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ተለጥፎ በሚወጣ የመልመጃ ወረቀት ለመተካት ተሞከረ። ለየመንደሩ ቴሌቪዥን፣ ኋላም ሬዲዮ እንደሚታደል ቃል ተገብቶ ነበር፤ ቃሉ ግን ለአብዛኛው ተማሪ አልደረሰም። ገንዘብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን በዋትስአፕ መልመጃ ይልኩ፣ የተሠራውንም ፎቶግራፍ እየተቀበሉ ያርሙ ነበር። በእኛ ዘንድ ለዚህ ያገለገለው ቴሌግራም ነው። አንድ ስልክ ባለበት ቤት ሦስት ልጆች ካሉ፣ አባትየውም ስልኩን ይዞ ከወጣ፣ ትምህርቱ የሚጀመረው ማታ ነው፤ ያውም ባትሪ ካለው፣ ያውም የቀኑ ቀረጥ ከተከፈለ። ደመወዛቸው የተቋረጠባቸው የግል ትምህርት ቤት መምህራን ቦዳ ቦዳ ነዱ፣ ቻፓቲ ጋገሩ። አርግዘው የቀሩ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። የአገሪቱ የፕላን ባለሥልጣን ከተማሪዎቹ ከመቶ 30 ያህሉ ላይመለሱ ይችላሉ ብሎ ገምቶ ነበር። በበሽታው የሞቱት በይፋ የተቆጠሩት ከ3,600 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የዝጋቱ ርዝመት ተገቢ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ መብት ነው። ጸሐፊው ተገቢ አልነበረም ከሚሉት ወገን ነው።

ትምህርት ቤቶቹ በተከፈቱ በስምንተኛው ወር፣ በመስከረም 20 ቀን 2022፣ በሙቤንዴ የሱዳን ዝርያ የሆነው ኢቦላ መግባቱ ታወጀ። ለዚህ ዝርያ የተፈቀደ ክትባት አልነበረም። ዑጋንዳ በ2000 በጉሉ በዚሁ በሽታ 224 ሰዎች አጥታ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ሕሙማንን ጥለው ሳይሸሹ በታኅሣሥ ወር የሞቱት የላኮር ሆስፒታሉ ሐኪም ማቲው ሉክዊያ ናቸው። በሙቤንዴም በመጀመሪያ መተት ነው ተባለ፤ ሕመምተኞች ወደ ባሕል ሐኪም ሄዱ፤ አስከሬን በልማዱ ታጠበ። በጥቅምት በሽታው ካምፓላ ገባ፤ በተማሪዎችም ላይ ታየ።

በዚህ ጊዜ ግን የተሠራው ሥራ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው የተለየ መልክ ነበረው። አገሪቱ በሙሉ አልተዘጋችም፤ የእንቅስቃሴ ገደብ የተጣለው በሙቤንዴና በካሳንዳ አውራጃዎች ነው። በሽተኛ የነካ ሰው በስም እየተፈለገ፣ በስልክም በእግርም እየተጠየቀ ለ21 ቀናት ክትትል ይደረግበት ነበር። የመንደር የጤና ጓዶች፣ ኢማሞችና ቄሶች ስለ አስከሬን አጥበት ያስተማሩት፣ በመስጊድ በኩል ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለ ኤድስ የተነገረውን የሚያስታውስ ነበር። ቢዚንዳሎዎቹም እንደገና ያንኑ ሥራ ያዙ። ትምህርት ቤቶቹ የዓመቱን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ በኅዳር 25 ቀን፣ ከተወሰነላቸው ሁለት ሳምንት አስቀድመው ዘጉ። ሁለት ሳምንት ብቻ። ወላጆች ማስታወቂያውን በስልካቸው ሲያነቡ ብዙዎቹ የ2020ውን «32 ቀናት» ሳያስታውሱ አልቀሩም።

የተረጋገጡና የተገመቱ 164 ሕሙማን ተመዝግበው፣ ከተረጋገጡት 55ቱ ከሞቱ በኋላ፣ ወረርሽኙ ማብቃቱ በጥር 11 ቀን 2023 በሙቤንዴ ታወጀ። ትምህርት ቤቶች ከረጅሙ ዝጋት በተከፈቱ በዓመት ከአንድ ቀኑ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ወር አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲጀምር ተማሪዎቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።